ከመጉረስ በፊት አንድ ፎቶ

ሁለት ሰዎች ምሳ ቀረበላቸው፤ በሉ፤ ገበታው ተነሣ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ምሳ ቀረበ፤ እሱንም በሉ። ሦስተኛው ሲመጣም እጃቸውን ሰደዱ። ሰዎቹ ሆዳሞች አልነበሩም። በአንጎላቸው ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ከጥቂት ደቂቃ በፊት የሆነውን እንኳ ማስታወስ የማይችሉ ሕሙማን ነበሩ። ጥናቱን በ1998 ያሳተሙት በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ፖል ሮዚንና ባልደረቦቻቸው ናቸው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆዳቸው ሞልቷል፤ «በልቻለሁ» የሚል ትዝታ ግን የላቸውም። ስለዚህ ሌላ ሰሃን ሲመጣ እንደገና ይበላሉ።

ጤነኛ ነን የምንለውስ? በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ሂግስ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ሰብስበው ብስኩት አቀረቡላቸው። ከመቅመሳቸው በፊት ግን ለገሚሶቹ «ዛሬ ምሳ ምን በላችሁ?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። ምሳቸውን እንዲያስታውሱ የተደረጉት ከሌሎቹ ያነሰ ብስኩት በሉ። ማንም አልመከራቸውም፤ ማንም አልከለከላቸውም። ማስታወሳቸው ብቻ በቃ።

እኔ ይህን ጥናት እንደ ታላቅ የምሥራች ነው የማየው። ስንቶቻችን ነን «ወኔ የለኝም፣ ምግብ ሳይ አልችልም» እያልን ራሳችንን ስንወቅስ የኖርን? ችግሩ የወኔ ማነስ ከመሆኑ በፊት ያለማየት ሊሆን ይችላል። ወኔ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ማየትን ግን ዛሬውኑ መለማመድ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ከብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ አለ።

አስቀድሞ ግን አንድ ጉድ ልንገራችሁ። በ1992 በኒው ዮርክ ተመራማሪዎች «ትንሽ እየበላሁ አልቀንስ አልኩ» የሚሉ ሰዎችን መረመሩ። ልዩ ምልክት ያለው ውሃ አጠጥተው፣ ሰውነታቸው በእርግጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳቃጠለ በሽንታቸው በኩል ለኩ። ሰዎቹ በልተናል ብለው የተናገሩት ከእውነተኛው በ47 በመቶ ያነሰ፣ ተንቀሳቅሰናል ያሉት ደግሞ ከእውነተኛው በ51 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ሆን ብለው ዋሹ ለማለት አልደፍርም። ወጥ ስትቀምስ የዋለች ሴት፣ ቢሮ ውስጥ ከባልደረባው ጠረጴዛ ቆሎ ሲዘግን የዋለ ሰው፣ ማታ ሲጠየቁ ቁርስና ምሳቸውን ነው የሚቆጥሩት። ቅምሻውና ዘገኑ ምግብ ተብሎ አልተመዘገበም።

ካሜራ ወደ ገበታ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ሴንስካም ይባላል። በእንግሊዝ ኬምብሪጅ በሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል የተሠራ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ባለቤቱ ሳይነካው በራሱ ጊዜ ፎቶ የሚያነሣ ትንሽ ካሜራ ነው። ስሙን ያስጠራው በመጀመሪያ በሌላ ሙያ ነበር፤ እዚያው ኬምብሪጅ በአደንብሩክስ ሆስፒታል የማስታወስ ችግር ያለባት ታካሚ የቀኗን ፎቶዎች ደጋግማ በማየት የዋለችበትን ማስታወስ እንድትችል ረዳት። ከዚያ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ያንኑ ካሜራ ለአመጋገብ ጥናት ወሰዱት። ሰዎች የበሉትን ከተናገሩ በኋላ የራሳቸው ፎቶ ሲታያቸው «አይ፣ ይሄንንም በልቻለሁ ለካ!» ማለት ጀመሩ። አሳንሶ የመናገሩ ስሕተትም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ለትዝታ የተሠራ ካሜራ ለገበታ መድረሱ ሮዚን ያዩትን እውነት ከሌላ በር ሄዶ እንደማግኘት ነው።

በአሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ እነ ሚንጉዊ ሰን ኢበተን የተባለ፣ ደረት ላይ እንደ ቁልፍ የሚሰካና በየጥቂት ሴኮንዱ ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ ሠሩ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እነ ካሮል ቡሼይና ኤድዋርድ ዴልፕ ሌላ መንገድ መረጡ፤ ተመጋቢው ራሱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ ከሰሃኑ ጎን ግን መጠኗ አስቀድሞ የታወቀ፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነጭና ጥቁር የሆነች ትንሽ ካርድ ያስቀምጣል። ለምን ቢባል፣ ፎቶ ላይ ትልቅ ሰሃን ከሩቅና ትንሽ ሰሃን ከቅርብ አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ካርዷን መለኪያ አድርጎ የምግቡን መጠን ይገምታል። በሉዊዚያና ፔኒንግተን የምርምር ማዕከል ደግሞ ኮርቢ ማርቲን ያስለመዱት ዘዴ ቀላል ነው፦ ከመብላት በፊት አንድ፣ ከበሉ በኋላ ደግሞ ስለ ትርፍራፊው አንድ። ልዩነቱ ሆድ ውስጥ የገባው ነው።

ኮምፒውተር «ያያል» ሲባል ምን ማለት ነው? ድግስ ላይ ጎበዝ አሳላፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቆሞ በዓይኑ ይቃኛል፤ ይሄ ምስር ነው፣ ያ ቀይ ወጥ ነው፤ እዚህ ጋ ወጥ አልቋል፣ እዚያ ጋ ብርጭቆ ጎድሏል። የኮምፒውተር ዕይታም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ምግቡን ከሰሃኑና ከጠረጴዛው ይለያል፣ ቀጥሎ ስሙን ይገምታል፣ ከዚያ መጠኑን፣ በመጨረሻም ያን ስምና መጠን ይዞ ከምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ላይ ካሎሪውን ያነብባል። አሳላፊው ይህን የተማረው ስንት ሠርግና ተዝካር ላይ ቆሞ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ በፎቶ ክምር ይማራል።

የፎቶው ክምር ምን እንደሚመስል ስታዩ ግን ፈገግ ትላላችሁ። በ2014 የዙሪክ ተመራማሪዎች ፉድ 101 የተባለ ስብስብ አወጡ፤ 101 የምግብ ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ፎቶ። ሱሺ አለ፣ ፒዛ አለ፣ ሳምቡሳ እንኳ አለ። እንጀራ የለም። ጎግል በ2021 ያወጣው ኒውትሪሽን 5ኬ ከዚህ የጠለቀ ነው። 5,000 ያህል ሰሃኖች በኩባንያው ካፍቴሪያዎች ውስጥ እያንዳንዱ ግብዓት በሚዛን እየተመዘነ ፎቶና ቪዲዮ ተነሡ፤ በዚያ የሠለጠነውም ሞዴል ፎቶ አይተው ከገመቱ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የተሻለ ግምት ሰጠ። ያም ቢሆን የካሊፎርኒያ ካፍቴሪያ ሰሃን ነው። የእኛ ገበታ ሌላ ፈተና ነው።

በያይነቱ ለኮምፒውተር ደግ ነው፤ ክምር ክምሩ ለየብቻው ተቀምጧል። ሽሮ ግን? ቅቤ የገባበትና በዘይት የተሠራው ሽሮ ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ካሜራው የጾምና የፍስክ አይለይም። ወጡ ሥር ስንት ድርብ እንጀራ እንዳለ አያይም። ቀይ ሽንኩርቱ በስንት ጭልፋ ዘይት እንደተቁላላ የምታውቀው ያቁላላችው ናት። ጉርሻ ሲመጣማ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ አዳም ሁቨርና ኤሪክ መዝ የሠሩት የእጅ ሰዓት መሳይ መሣሪያ ካሜራ እንኳ የለውም፤ ስንበላ የእጅ አንጓ የሚያደርገውን መዞር እየተከተለ ጉርሻ ይቆጥራል። ልጆቿን እያዞረች የምታጎርስ እናት ይህን ብታስር፣ ምንም ሳትቀምስ የበላች ተብላ ልትመዘገብ ነው። የጎረሱት ልጆች ደግሞ እንደ ጾመኛ ይቆጠራሉ።

ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም ገብቷቸዋል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ እነ ቤኒ ሎና ጋሪ ፍሮስት ከፒትስበርጎቹ ጋር ሆነው የአፍሪካ ቤተሰቦችን አመጋገብ በካሜራ የመከታተል ሥራ ጀመሩ፤ ጋናና ኡጋንዳ የጥናቱ ቦታዎች ናቸው። በ2019 ደግሞ ኢምፔሪያሎቹ ገበታ መሐል የሚቀመጥና ዙሪያውን ሁሉ የሚያይ ካሜራ ሞከሩ፤ ከጋራ ሳህን ላይ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ለመለየት። ኮምፒውተር ሳይንስ ለምትማሩ ወጣቶች እዚህ ጋ አንድ ጥሪ አለ። እንጀራን፣ ጨጨብሳን፣ ገንፎን፣ ቡላን የሚያውቅ የፎቶ ስብስብ የሚያዘጋጅልን ከዙሪክ አይመጣም። ስልክ፣ የማዕድ ቤት ሚዛንና ትዕግሥት ያለው የተማሪዎች ቡድን ሊጀምረው ይችላል። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ ይኸው።

እኛ ተራ ተመጋቢዎችስ ያ ሁሉ እስኪደርስ እንጠብቅ? አያስፈልግም፤ የካሜራው ትልቁ ጥቅም ካሎሪ መቁጠሩ ላይ አይመስለኝምና። በ2008 የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊዲያ ዜፔዳና ዴቪድ ዲል 43 ሰዎች የሚበሉትን በጽሑፍም በፎቶም እንዲመዘግቡ አደረጉ። የጽሑፉ ማስታወሻ የሚሞላው ከተበላ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚለወጥ ነገር የለም። ፎቶ ግን የግድ ከመብላት በፊት ይነሣል። ያቺ ካሜራውን የማውጫ ቅጽበት ሰዎቹን «ይሄን ሁሉ ልበላው ነው?» አሰኘቻቸው፤ ምርጫቸውንም ያኔውኑ አሻሻሉ። ማንም ሳይቆጣቸው፣ ምግቡ ገና ሳይነካ!

ምዝገባ በራሱ ኃይል አለው። በዚያው በ2008 በአሜሪካ ካይዘር ፐርማነንቴ በመራው፣ 1,700 ያህል ሰዎች በተሳተፉበት የክብደት መቀነስ ጥናት፣ የበሉትን በየቀኑ የመዘገቡ ሰዎች ምንም ካልመዘገቡት እጥፍ ያህል ቀነሱ። ፎቶ ደግሞ ለመጻፍ ለሚሰለች ሰው ከመዝገብ ሁሉ የቀለለው ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባትም ያነሡታል።

እንዲህ ጀምሩ። ለአንድ ሳምንት የምትበሉትንና የምትጠጡትን ሁሉ ከመቅመሳችሁ በፊት አንሡ። በቀጥታ ከአናቱ ላይ አታንሡ፤ ስልኩን ትንሽ ዘመም አድርጉት፣ ክምሩ ከፍታው ይታይ። ከሰሃኑ ጎን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማንኪያ አስቀምጡ፤ የፐርዱዋን ካርድ ሥራ ትሠራላችኋለች። ቆሎውም፣ ከልጅ ሰሃን የተቀመሰችውም፣ ማዕድ ቤት ቆማችሁ የላሳችሁትም ይነሣ፤ በተለይ እነሱ! በያዛችሁት ሳምንት ግን አመጋገባችሁን ለማሳመር አትሞክሩ። ሳይታወቃችሁ ትንሽ መለወጡ አይቀርም፤ እሱን ተዉት፣ ምርቃት ነው። ካሎሪ የሚገምቱ መተግበሪያዎችን መጠቀም የሚወድ ይጠቀም፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ሽሮን በወጉ የማያውቅ ማሽን የሰጣችሁ ቁጥር ወይ በከንቱ ያስደስታል ወይ በከንቱ ያስደነግጣል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ መጠኑን በፎቶ ግምት አትወስኑ፤ ፎቶዎቹን ለሐኪማችሁ አሳዩ፣ ለእሱ ከረጅም ማብራሪያ የተሻለ ይነግሩታል። ምግብን መፍራትና ራስን ማስራብ ያሠቃያቸው ሰዎችም ይህ ልምምድ ሊጎዳቸው ይችላልና ከባለሙያ ጋር ሳይመክሩ አይጀምሩት።

መጠጥ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ፤ ብዙ የሚያመልጠን እዚያ ነው። በልምዳችን መጠጥን እንደ ምግብ አንቆጥርም። 300 ሚሊ ሊትር የሆነች አንዲት የኮላ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አላት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ደግሞ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው፤ ይህ 50 ግራም ገደማ ነው፣ ቢቻል ደግሞ ግማሹ። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ለጠጣ ሰው የማንኪያው ሒሳብ ለራሱ ይቅር። ካሜራ የሟሟ ስኳር አያይም፤ ስለዚህ ስኳሩን ገና ማንኪያው ላይ ሳለ አንሡት።

ያለማስተዋል የሚለወጥ አመጋገብ ምን እንደሚያመጣ ከወገኖቻችን ታሪክ ማየት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን አገራቸው ሳሉ የስኳር በሽታን ብዙም አያውቁትም ነበር። በ1988 ዳያቤቲስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን በወጣቶቹ ላይ በሽታው ከመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት መታየቱን ዘገበ። የአመጋገብና የአኗኗር ለውጡ ከምክንያቶቹ መካከል ተጠቅሷል። ማንም አንድ ቀን ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አበላሌን እለውጣለሁ» አላለም። ዳቦው፣ ለስላሳው፣ ጣፋጩ አንድ በአንድ ገበታው ላይ ተቀመጠ። ዋሽንግተንም፣ ዱባይም፣ አዲስ አበባም ብትሆኑ የሳምንቱ ፎቶ ይህን «አንድ በአንድ» ያሳያችኋል።

ውሃስ? በ2010 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር በቂ ነው አለ፤ ይህ ከምግብ የሚገኘውንም ይጨምራል። ወጣት ሲጠማው ይጠጣል። ዕድሜ ሲገፋ ግን የጥም ስሜቱ ራሱ ይደክማል፤ አረጋውያን ሳይጠማቸው ይደርቃሉ። በዚህ ምክንያት ብርጭቆ ወደ አፍ የሚሄድበትን እንቅስቃሴ የሚለዩ ካሜራዎች ለአረጋውያን ክብካቤ እየተሞከሩ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። ስልክ ወደ ጆሮ ማንሣትም፣ አገጭን ማከክም ከሩቅ መጠጣት ይመስላል፤ ኩባያው ውስጥ ስንት እንደነበረም አይታወቅም። አንዳንዶቹ ፊትን ጨርሶ ሳያነሡ ጥላ መሳይ ቅርጽና ርቀት ብቻ የሚይዙ ካሜራዎችን ይጠቀማሉ፤ የሰው ገመና እንዳይወጣ።

የገመናው ነገር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በነገሥታቱ ግብር ንጉሡ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። ሰው ሲጠጣ ሸማ ዘርግቶ ከዓይን መከለልም የነበረ ልማድ ነው። ክፉ ዓይን ይፈራል ተብሎ የተደረገ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፤ የሰው ጉርሻ የሰው ነው። ስለዚህ የእናንተን ሰሃን እንጂ የእንግዳችሁን አታንሡ፤ ፊት እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ፎቶዎቹን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ለሌላ ሰው ተብሎ የተነሣ ሰሃን ወዲያው መልበስ መኳል ይጀምራል፤ ያኔ ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አረጋዊ እናት ወይም አባት ርቃችሁ የምትጦሩም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ካሜራ ከመስቀላችሁ በፊት ጠይቋቸው፤ ምናልባት ጠዋት የሞላውን ጆግ፣ ማታ ደግሞ የቀረውን ፎቶ አንሥተው ቢልኩላችሁ ይበቃል። «እማዬ፣ ዛሬ ጆጉ አልጎደለም እኮ!» ብሎ መደወል ከካሜራ ይሻላል፤ ለመደወል ምክንያትም ይሆናል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡና ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ፈራጅ ሆናችሁ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሳምንት እንደምታዩ ሁናችሁ። ሰዓቱን እዩ፤ አብዛኛው ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ነው? ቀለሙን እዩ፤ አረንጓዴ ነገር በስንተኛው ፎቶ ላይ መጣ? ብቻችሁን የበላችሁትንና ከሰው ጋር የበላችሁትን አስተያዩ። የረሳችሁት ስንት አለ? ከዚያ አንድ ፎቶ ብቻ ምረጡ፤ «ይሄኛውን መለወጥ እችላለሁ» የምትሉትን፣ በጣም ቀላሉን። የከሰዓት በኋላዋ ለስላሳ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ቴሌቪዥን ፊት የምትበላዋ ሁለተኛ ሰሃን። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትታችሁ እሷን ብቻ ለውጡ። ካሜራውንም ለእሷ ብቻ አውጡት።